ከለቅሶዋ አንድ ቀን የለመነችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው እድር መሥርተው ይቀባበሩ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ዕድሜዋ የገፋ አህያ ትኖር ነበር። እድሩ ጠንካራ ነው። አባል የሞተ እንደሆነ ድንኳን ይተከላል፣ ትልቅ ትንሹ ይሰበሰባል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ይቀመጣል። የድንኳኑን ምሰሶና የለቀስተኛውን ውኃ በጀርባዋ ስታመላልስ የኖረችው ይህችው አህያ ነበረች። በዚያ አገር እሷ ያልደከመችለት ሟች አልነበረም ማለት ይቻላል።

አሁን ግን ዓይኗ ፈዘዘ፣ ጉልበቷም ከዳት። ልጆቿ በየገበያው መንገድ ተበትነው ቀሩ። እድሩ ለጭነቱ ጎረምሳ በቅሎ ስላገኘ እሷን የሚፈልግ ጠፋ፤ ወደምትኖርበት ዋርካ የሚወስደውም መንገድ ሣር በቀለበት። ክፉ ያደረገባት የለም፤ ብቻ ማንም አልመጣም።

አንድ ቀን እየተደናበረች ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደች። ዳኛው አያ አንበሶ ከድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጸሐፊዋ እመት ቀበሮ ከጎኑ ናት።

«ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ መጥቼ ነው» አለች አህያዋ።

«ሣር አነሰዎት እማማ?» አለ አንበሳው።

«ሣሩስ ሞልቷል። ውኃውም ቅርብ ነው፣ እየዳበስኩም ቢሆን እወርዳለሁ። ያጣሁት የሚያናግረኝ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የራሴን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት፤ እሱም እንደምታውቁት አያምርም።»

ጉባኤው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከሌሎች ጋር መሳቁ ደስ አላት።

«ስሞት ሦስት ቀን ትቀመጡልኛላችሁ» ብላ ቀጠለች። «ከሦስቱ አንዷን ቀን አሁን ስጡኝ። ድንኳንም ለቅሶም አልፈልግም። አጠገቤ ተቀምጣችሁ አጫውቱኝ። ስሞት ሁለቱ ቀን ይበቃኛል።»

አንበሳው ጋማው ከሸበተ ቆይቷል፤ የእርጅና ነገር ሲነሳ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይጨንቀዋል። ስለዚህ ወደ ቀበሮዋ ዞረ። ቀበሮ መቼም መልስ አታጣም።

«እማማ፣ ሕጉ ‹አባል ሲሞት› ነው የሚለው። ሞተዋል?»

«አልሞትኩም።»

«እንግዲህ! ደግሞ ለእርስዎው አስቤ ነው። ለቅሶዎ በሁለት ቀን ቢያልቅ አገር ምን ይላል? ‹ምስኪን፣ ሳትከበር ተቀበረች› አይልም? ክብርዎን በገዛ አፍዎ ይቀንሳሉ?»

«ያን ጊዜ ስታከብሩኝ እኮ እኔ አልሰማችሁም» አለች አህያዋ።

ስብሰባው ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ወደ መነጋገር አለፈ፤ እሷም መንገዷን እየዳበሰች ተመለሰች።

ከኋላ ተቀምጦ የነበረው አያ ጅቦ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። እድሩ ሲያስገባው በሕይወት ያለ አባል እንዳይበላ አስምሎታል፤ ስለ ሞተ አባል ግን ማንም ያስማለው የለም። «ለቅሶዋን ከአሁኑ ከጠየቀች መሞቻዋ ቀርቧል። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይበላል» አለ በሆዱ። በማግስቱ ማለዳ ከዋርካው ሥር ተገኘ።

«ማነህ?» አለች አህያዋ።

«ጅብ ነኝ።»

«ሽታህማ ነግሮኛል። ምን ፈልገህ ነው?»

«አልሞትሽም?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።»

አህያዋ ጥቂት አሰበች። ብትሸሽ የትም አትደርስም። ደግሞም የሌላ ፍጡር ትንፋሽ አጠገቧ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

«ጠብቅ» አለችው። «ብቻ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳትል፤ እዚህ አገር የማያውቅህ የለም።»

ጅቡ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። ቀልዱ የገባው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው መጣ። «ዛሬስ?» ይላታል። «ዛሬም አለሁ» ትለዋለች። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያሰለቻልና ታጫውተዋለች፦ ጨው ጭና የወጣችውን ዳገት፣ ጎርፍ የወሰደባትን የመጀመሪያ ልጇን፣ በጉብዝናዋ ዘመን ረግጣ የጣለችውን ነጋዴ። ጅቡ ሞኝ ስለሆነ አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ብትነግረውም ሁልጊዜ አዲስ ይሆንበታል። ለሽማግሌ ከዚህ የተሻለ አድማጭ ከወዴት ይመጣል? ዝንብ ሲያስቸግራት በጅራቱ ያባርርላታል፤ ለሥጋው ሳስቶ ነው እንጂ ለእሷ አዝኖስ አይደለም። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ፣ እሷ ይህን ሁሉ እያወቀች በየማለዳው ጆሮዋን አቁማ ኮቴውን መጠበቋ ነው።

መስከረም ሳይጠባ አህያዋ ሞተች። ማለዳ የመጣው ጅብ ገና አፉን ሳይከፍት አሞራ በሰማይ ዞረ፤ አሞራውን ያዩት የእድሩ አባላትም ከች አሉ። በቅሎው ምሰሶውን አመጣ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ እሪታው ቀለጠ። «እናታችን! ባለውለታችን!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እነዚህስ ጅቡ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ነው የጮኹት።

እመት ቀበሮ የሟችን የሕይወት ታሪክ ለመናገር ቆመች። «እናታችን ሦስት ልጆች ወልዳ...»

«አምስት ናቸው» አለ ጅቡ። «የመጀመሪያዋን ጎርፍ ወሰዳት።»

ቀበሮ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት። አንበሳው ነገሩን ለማለፍ ያህል፣ በለቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው ጠየቀ።

«ለመሆኑ የመጨረሻ ቃሏን የሰማ አለ? ምን ብላ ሞተች?»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የሰማው ጅቡ ብቻ ነበር።

«ትናንት ማታ ልሄድ ስነሳ ‹ነገም ትመጣለህ?› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«‹ነገማ ሳትሞቺ አትቀሪም፤ ልበላሽ እመጣለሁ› አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?» አለ አንበሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«‹ግድ የለም፣ ብቻ ና› አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ ጮክ ብሎ ያለቀሰ የለም። ሦስቱንም ቀን ግን ተቀመጡ፤ ሕጉ ነውና አንዷንም አላጎደሉም።

ከዚህ የምንማረው፣ ያረጀን ሰው የሚጠቅመው ከሞተ በኋላ የምንቀመጥለት ሦስት ቀን ሳይሆን በሕይወት ሳለ ከአጠገቡ የምንቀመጥባት አንዲት ቀን መሆኗን፣ እሷን የነፈግነው እንደሆነም ጠላቱን እንኳ ናልኝ ብሎ እስከ መለመን እንደሚደርስ ነው።