የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሁለተኛ ገጽ

በአንድ ወቅት፣ የሟች ፎቶግራፍ በፍላሽ ተጭኖ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት መዞር በጀመረበት ዘመን፣ በደብረ ብርሃን ታች ሰፈር አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። የእድራችን ጸሐፊም ነበሩ። ሰው በሞተ ቁጥር ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። በቤታቸው ኮምፒዩተር ውስጥ የሁለት መቶ አሥራ ሦስት ጎረቤት ታሪክ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ በየስሙ።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። በሕይወት ያለነውንም አስቀድመው ይጽፉናል። «በጥድፊያ የተጻፈ ታሪክ ሟችን ይበድላል» ይሉ ነበር። የሞቱን ቀን ብቻ በነጥብ ነጥብ ይተዉታል። መንገድ ላይ አግኝተውን እናታችን የት እንደተወለደች ከጠየቁን ነገሩ ይገባናል። እየሳቅን እንመልሳለን፤ ቤታችን ስንገባ ግን ሳቁ ይጠፋል። የእኔም ተጽፏል ይባላል። አይቼው አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይባላሉ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፦ አዳማ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጌታነህ፣ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የምትጠግነው ኅሊና፣ እዚሁ እያስተማረ ከእናቱ ጋር የሚኖረው ምናሴ። ከሦስቱ በፊት ግን እቴነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። በዓመት ከሰባት ወሯ ኩፍኝ ወሰዳት። አባትየው ያን ጊዜ ለሥልጠና ርቀው ሄደው ነበርና ሲመለሱ ልጅቷ ተቀብራ ቆየቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠሩም። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል «ልጄን አልጠበቀችልኝም ብሎ ተቀይሞኝ ይሆን?» እያሉ ኖሩ። ጠይቀዋቸው ግን አያውቁም፤ መልሱን ይፈሩት ነበር።

አቶ ሸዋንግዛው በመጨረሻው ዓመታቸው ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማውሱን ሲይዙ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትርገፈገፋለች። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ ምናሴ ይተይባል። አንዳንድ ቀን ግን ምናሴን «ዛሬስ ሂድ፣ ይህን ራሴ ልጻፈው» ይሉትና በሩን ዘግተው በዚያው በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ሲታገሉ ይውሉ ነበር። በኅዳር ሞቱ። ታሪካቸውን ጌታነህ አነበበ።

አሁን ወደ ፍላሹ ልመለስ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ አንድ ፍላሽም አለው። ፎቶ ቤቱ የሟቹን ፎቶ ይጭንበታል፣ ጸሐፊው ቤት ሄዶ ከታሪኩ አናት ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ቀጣዩን ሟች ይጠብቃል። ቫይረስ እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። ፎቶ ቤቱም «አጥፍቼ ልጫነው» ብሎ ነበር። ማን ይፍቀድለት? በውስጡ ያሉት ሙታኖቻችን ናቸው፤ ሁለተኛ የሚያጠፋቸው ማን ነው? እኔ ራሴ ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ተቃውሜአለሁ። እንዲህ ሆኖ ያ ፍላሽ ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ከሟቾቹ ጋር ሌላ ነገርም ይዞ ይገባ ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የባላቸውን ጠረጴዛ ሲወለውሉ ምናሴ ሳያጠፋው የተወው ኮምፒዩተር ስክሪኑ በራሱ በራ። ቀስቷ ብቻዋን ተንቀሳቀሰች። ትርገፈገፋለች። ቆም ትላለች፣ ትዘላለች፣ እንደገና ትርገፈገፋለች። ወይዘሮዋ መወልወያውን እንደያዙ ቆሙ።

«ደህና ዋሉ?» አሉ።

ቀስቷ አንድ ፋይል ከፈተች። የአቶ አሰግድ ታሪክ ነበር፣ ከስምንት ዓመት በፊት የሞቱት። ወይዘሮዋ «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ፋይሉ ተዘጋ፣ ሌላ ተከፈተ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ነጭ ነጠላቸውን ይለብሳሉ፣ ወንበር አቅርበው ይቀመጣሉ። ሰዓቱ ባላቸው ሥራ የሚጀምሩበት ሰዓት ነበር። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። እሳቸውም የቀኑን ወሬ ያወራሉ፤ ማን እንደታመመ፣ የትኛው ጎረቤት ልጁን እንደዳረ። አንዳንዴ ያለቅሳሉ። ሟቾቹ ደግሞ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ምናሴ ሳያስበው ከትምህርት ቤት ቀደም ብሎ የመጣ ቀን ሰማቸውና ደነገጠ፤ ለወንድሙና ለእህቱ ደወለ። «እማዬ ከኮምፒዩተሩ ጋር ታወራለች» አላቸው።

ጌታነህ በማግስቱ ደረሰ። በሩን ሲከፍት እናቱ ስክሪኑ ፊት ናቸው። የተከፈተው ፋይል ስም «ዘርፈሽዋል» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መወለዳቸው፣ ማደጋቸው፣ ቄስ ትምህርት ቤት መግባታቸው ተጽፏል። የገጹ መጨረሻ መስመር እንዲህ ይነበባል፦ «ከአቶ ሸዋንግዛው ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ ከትዳራቸውም»። እዚያ ላይ ገጹ አለቀ። ቀስቷ እየተንቀጠቀጠች ወደ ታች ወረደች።

ጌታነህ ግን ያየው አረንጓዴዋን መብራት ነው። አንድ የማያውቁት ሰው፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው፣ እናቱን እንባቸውን ሲጠርጉ እያየ ነው። ሽቦውን ሁሉ ከግድግዳው መነጨቀው። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ገጹን ሊገልጥልኝ ሲል እጁን ቆረጥከው» አሉት እናቱ።

«እማዬ፣ አባዬ አይደለም። ሌባ ነው።»

«አውቃለሁ አባትህ እንዳልሆነ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ጽሑፉ ግን የሱ ነው። ልጆቼን ስንት ብሎ እንደቆጠረ ማየት ነበር የፈለግኩት።» ጌታነህ ያን ቀን እናቱን ከሰው ዓይን አዳነ። እናቱ ግን ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

ኅሊና ቅዳሜ መጣች። ሁለት ቀን ከወንበሩ አልተነሳችም። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተር የሚያስነዳ ቫይረስ መሆኑን፣ የመጣውም በእድሩ ፍላሽ መሆኑን አወቀች። ቀስቷ የምትርገፈገፈው መስመሩ ደካማ ስለሆነ ነው አለች። ሌባው ፋይሎቹን በፊደል ተራ ሲከፍት «ዘ» ላይ ደርሶ ነው አለች። ለሁሉም መልስ ነበራት። ቫይረሱን ከሥሩ ነቀለች፣ ካሜራውን አነሳች፣ ከፍላሹም ላይ አጸዳች፤ አንድም የሟች ፎቶ አልጠፋም። ሽቦው ከተመነጨቀ ወዲህ አልከፈት ካለው ኮምፒዩተር የሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ታሪክ፣ ከአንዱ በቀር፣ ሁሉንም መለሰች። እኔም የሞተችውን እህቴን ታሪክ ያገኘሁት በእሷ እጅ ነው።

«የእኔስ?» አሉ እናቷ።

የእሳቸው ፋይል ሽቦው ሲመነጨቅ ክፍት ነበርና ተበላሽቷል። አንደኛው ገጽ ደህና ነው። ከዚያ በታች ያለው የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው። ኅሊና የተበላሸውን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። «አልተውሽም እማዬ፣ አወጣዋለሁ» አለቻቸው። እሳቸው ግን አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከሦስቱ የአባቱን አጻጻፍ የሚያውቅ ምናሴ ነው። የት ላይ ነጠላ ሰረዝ እንደሚያደርጉ፣ «በተወለዱ በዚህ ዓመታቸው» ከማለታቸው በፊት የትኛውን ቃል እንደሚያስቀድሙ ያውቃል። እናቱ በሳምንት ውስጥ እንዴት እንደከሱም ያየ እሱ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የታተመ ወረቀት ይዞ ገባ። «ኅሊና ላከችው፣ ተገኘ» አለ። አነበበላቸው።

«ከትዳራቸውም አራት ልጆችን አፍርተዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው እቴነሽ ሸዋንግዛው በሕፃንነቷ በሞት የተለየቻቸው ሲሆን፣ እናቷ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከእቅፋቸው አላወረዷትም።»

«አራት አለ?»

«አራት ነው የሚለው እማዬ።»

ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ከዚያ ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ እራት በሉ። የበሉትን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ዘይት ልበደር ሄጄ ነበር። አርባ አንድ ዓመት የተሸከሙትን ያወረዱ ሴት ነበሩ ያን ቀን። ምናሴ ግን ጓሮ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖሩ። ደህና አምስት ወር ነበር። የእቴነሽን ስም በጎረቤት ፊት እየጠሩ፣ ብትኖር ስንት ዓመት እንደሚሆናት እየቆጠሩ። ሊሞቱ ሲሉ ሦስቱንም አስጠሩ፣ የእድሩን ዳኛና እኔንም ጭምር። «ታሪኬን አባታችሁን የመለሰልኝ ያንብበው» አሉ። ማንኛቸው እንደሆነ አልተናገሩም። በማግስቱ አረፉ።

በቀብሩ ዕለት ጠዋት፣ ድንኳኑ ጥግ፣ ኅሊና አንድ ወረቀት አውጥታ ለወንድሞቿ ሰጠቻቸው። ሁለተኛው ገጽ ነበር፣ እውነተኛው። ያገኘችው ከሁለት ወር በፊት ነው። እናቷ በደስታ «አራት ብሎኛል» ብለው በስልክ ሲነግሯት ምናሴ ያደረገው ገብቷት፣ ስታገኘውም ዝም ብላለች።

አቶ ሸዋንግዛው የጻፉት ይህን ነው፦ «ከትዳራቸውም ........ ልጆችን አፍርተዋል።»

ሦስትም አላሉም፣ አራትም አላሉም። በሁለት መቶ አሥራ ሦስት ታሪክ ውስጥ የሞት ቀን ካልሆነ በቀር በነጥብ ነጥብ የተዉት ነገር የለም። ኅሊና እንዳለችው አባቷ ያን ፋይል ከፍተው የዘጉት ሠላሳ አንድ ጊዜ ነው።

ጌታነህ «ወረቀቱን ለእኔ ስጡኝ» አለ። «ያ ሌባ ቢቀጥል እናታችን እስክትሞት ድረስ የምታወራው ከማያውቃት ሰው ጋር ነበር። ሐሰተኛውን ካላስወጣሁት እውነተኛው በምን ይገባል?»

«እውነተኛውንም ያጠፋኸው አንተ ነህ» አለች ኅሊና፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «አባዬ በእጁ የጻፈውን፣ የተወውንም ጭምር፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ሰላም እንድትሞትም አፌን ዘግቻለሁ።»

ምናሴ መሬት መሬት ያያል። «እኔ ዋሽቻታለሁ» አለ። «ግን ባሏን አግኝታ የሞተችው በእኔ ወረቀት ነው።»

እኔና ባለቤቴ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሷ ለምናሴ ትፈርዳለች። እኔ አንድ ቀን ለኅሊና፣ አንድ ቀን ለጌታነህ እፈርዳለሁ፤ ከዚያ የራሴ ታሪክ የት ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ እንዳለው ማሰብ እጀምርና ፍርዱን እተወዋለሁ።

ሣጥኑ መቃብሩ አፍ ላይ ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛ «አንባቢ ይቅረብ» ብለው ሁለት ጊዜ ተጣርተዋል። ሰው ሁሉ ወደ ሦስቱ ዞሯል። እንግዲህ ፍረዱ፦ አባታቸውን ለእናታቸው የመለሰው ማንኛቸው ነው? ወረቀቱን ይዞ የሚቆመውስ፣ ነጥብ ነጥቡ ጋ ሲደርስ ስንት ብሎ ያንብብ?