አፉ ያላረፈ ጉድጓድ

እህላችሁን የጨረሰው ነቀዝ ነው ወይስ እናንተው ናችሁ? ከመመለሳችሁ በፊት ይህችን ስሙ።

አያልነሽ የምትባል፣ ገና የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ጎረቤቷን እትዬ ዘርፌን ልትጠይቅ መጣች። የእትዬ ዘርፌ ምላስ ስለማይጣፍጥ ምክር የሚጠይቃቸው ሰው እምብዛም የለም። አያልነሽ ግን ሌላውን ሁሉ ጠይቃ ጨርሳለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«እትዬ፣ ልቤ አልረጋ አለ» አለች። «ልጄ ስትተኛ የምትተነፍስ አይመስለኝም። እነካታለሁ፤ ትነቃለች፤ ታለቅሳለች። ስታለቅስ ደግሞ ምን ነክቷት ነው እላለሁ። የንስሐ አባቴ ጸልዪ አሉኝ፣ ጸለይኩ። እናቴ ለሐኪም አሳዪያት አለች፣ አሳየኋት። ደህና ናት አለ። ተሳስቶ ቢሆንስ? ይሄ ፍርሃት ምን ባደርገው ይተወኛል?»

«ይተውሻል ያለሽ ማን ነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ቁጭ በይ።»

አንድ ገበሬ ነበረ። ፈሪ አልነበረም፤ ጅብ በዱላ ያባረረ ሰው ነው። እሱ በሚኖርበት ቆላ እህል በጎተራ አያከርሙም። ማሽላው ከተወቃ በኋላ መሬት ተቆፍሮ፣ ዙሪያውን ገለባ ተደርጎለት ይቀበራል። አፉ በድንጋይ ይከደናል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ አፈር ይለብሳል። ከዚያ የሚበላበት ቀን እስኪደርስ ማንም አይነካውም። እንዲህ ከታፈነ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ይህን በዚያ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ጠፍቶ ስለነበር ለገበሬው የተረፈው አንድ ጉድጓድ ማሽላ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ስልቻ እሱን፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን እስከ በልግ ዝናብ ያደርሳቸዋል። ከዚያ ወዲያ ቀለቡም ዘሩም ከጉድጓዱ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ጎረቤቱ መንገድ ላይ አገኘው።

«ሰማህ? ታች ሰፈር ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ገብቶ እህሉ እንዳለ በሰበሰ አሉ።»

«የማን ጉድጓድ?»

«የአንዱ ሰውዬ ነው የተባለው። ያንተን አየት ብታደርገው ምን ይጎዳሃል?»

ገበሬው ዶማውን አንስቶ ከፈተ። እህሉ ደህና ነበር። መልሶ መረገው። በሳምንቱ፣ ያን ቀን ስመርገው ጭቃው በደንብ ሳይይዝ ቀርቶ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣበትና ደግሞ ከፈተ። ከላይ እፍኝ የሚያህል ሻግቷል። «እንኳን ከፈትኩት» አለ። የሻገተውን ጠርጎ መረገ። በሦስተኛው ሲከፍት ሻጋታው አንድ ክንድ ወርዷል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ዞረበት። ጠዋት አፈሩን ሲያሸት ምንም የለም፤ ከሰዓት የበሰበሰ ነገር ይሸተዋል። ሽታው ከጉድጓዱ ይሁን ከገዛ እጁ መለየት አቃተው። አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ «ክፈተውና አየር ያግኝ» አሉት። ሌላው «አውጥተህ ፀሐይ ላይ አስጣው» አሉት። ሦስተኛው ሰው «እኔማ ያንተን ሰምቼ የራሴን ከፍቼ መምጣቴ ነው» አለው። መክፈቱ እንደሚያበላሸው ያውቃል። ሳይከፍተው ተበላሽቶ እንደሆነስ? ይህን ደግሞ አያውቅም። የሚያውቀውና የማያውቀው እንደማይስማሙ በሬዎች ግራና ቀኝ ጎተቱት።

አንድ ማለዳ ዶማውን ሊያነሳ ቢሄድ ከቦታው የለም። ሲወጣ ሚስቱ እሾህ እየጎተተች ጉድጓዱ ያለበትን መሬት ዙሪያውን አጥራዋለች። ሁለቱን ላሞችና ጥጃውን አስገብታ በሩን እየዘጋች ነው።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«በረት እየሠራሁ ነው።»

«እህሉ ከበሰበሰስ?»

«ከበሰበሰ በስብሷል። ካልበሰበሰ ግን ከእንግዲህ አንተ አታበሰብሰውም።»

«ዶማው የት አለ?»

«ለወንድሜ አውሼዋለሁ። እስከ በልግ አይመልስም።»

ገበሬው በረቱን ማፍረስ ይችል ነበር። እጁን ወደ እሾሁ ዘረጋ። ላሟ ቀና ብላ አየችው። እጁን መለሰ።

ፍርሃቱ የትም አልሄደም። ገበሬው በረቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ በማግስቱም ተቀመጠ። በሳምንቱ፣ መቀመጤ ካልቀረ ብሎ ገመድ ይፈትል ጀመር። አንዳንድ ቀን ሽታው ይመጣበታል፤ ያኔ ገመዱን አጥብቆ ያከርረዋል። በልግ ሲደርስ የቤቱን ከብት ሁሉ የሚያስር ገመድ ነበረው፤ ስለ እህሉ ግን አሁንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ቀኑ ደረሰና በረቱን አነሱ። ታፍኖ የቆየ ጉድጓድ ትንፋሽ ስለሚያሳጣ፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ችቦ አወረዱበት። ጠፋ። ጠበቁ። ሁለተኛው ሳይጠፋ ሲቀር ገበሬው ገባ። ከላይ አንድ ክንድ ከምናምን ጥቁር ነበር፤ እሱ ራሱ በዶማው ያስገባው ሻጋታ ነው። ከዚያ በታች ማሽላው እንደገባ አለ። እፍኙን ሞልቶ ወጣና ለሚስቱ አሳያት። እሷ የምታየው ጥቁሩን ነበር። ያ የሁለት ወር ቀለብ ነው።

ወሬው ሲሰማ ጎረቤቶች ባዶ ስልቻ ይዘው መጡ። አንዱ የሌላውን ሰምቶ ሲከፍት፣ ሁሉም የየራሱን አበስብሷል። ውሃ ገባበት የተባለው የታች ሰፈር ሰውዬ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የገበሬው ሚስት ለእያንዳንዳቸው የሚዘሩትን ሰፈረችላቸው። ያ ወሬውን መንገድ ላይ ያመጣው ጎረቤት ተራው ሲደርስ፣ «ይቅር በይኝ እህቴ፤ እኔም ፈርቼ ነው» አላት።

«ስልቻህን ያዝ።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«ዘር ነው የሰጠሁህ» አለችው።

እትዬ ዘርፌ ወደ አያልነሽ ዞሩ።

«ጉድጓዱ ልጅሽ ናት። እንቅልፏ በጭቃ የተመረገው አፍ ነው። ትንፋሿን ልታዪ በነካሻት ቁጥር ትከፍቻታለሽ፤ ከዚያ አንቺው ያስለቀስሽውን ልቅሶ በሽታ ነው ትያለሽ። ፍርሃቱ እስኪተውሽ አትጠብቂ። እሱ ይቀመጥ። ዶማውን ብቻ ከእጁ ውሰጂበት፤ ላንቺም የምትፈትዪው ነገር ፈልጊ።»

አያልነሽ ሁሉም ነገር የገባት አይመስልም። «ሴትየዋ በኋላ ይቅር አለቻቸው?» አለች።

«አላለችም።»

«ባሏንስ?»

«እራቱን ታቀርብለት ነበር።»

የሕፃኗ ትንፋሽ ከጀርባዋ አልሰማ አለ። የአያልነሽ እጅ ወደ ኋላ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ። እትዬ ዘርፌ አዩና እንዳላዩ ሆኑ።

«እርስዎ ቢሆኑስ እትዬ? ሁሉም እኮ የፈራ ሰው ነው።»

«ቢመጡ ዘር እሰጣቸዋለሁ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ይቅር ግን ማንንም አልልም።»