ጌታዋን ገደል የከተተች በቅሎ

ተረት አምጣ ብትሉኝ፣ ይኸው ከበረት አመጣሁ።

«እሜቴ በቅሎ፣ ጌታችንን ገደል ከተሽ ገድለሽ ደግሞ ትኮሪያለሽ?» አላት አህያው።

«ተርብ ጆሮዬ ገብታ ነው የደነበርኩት። እመቤታችን ይህን ተረድተው ይቅር ባይሉኝ፣ በብር ያጌጠ ልጓም ያጠልቁልኝ ነበር?»

«የሟች በቅሎ ለለቅሶ ሁልጊዜ ትሸለማለች እኮ!»

«ከማገዶ ሌላ ተሸክመህ የማታውቅ፣ አንተ ስለ ጌጥ ምን ታውቃለህ?»

በቅሎዋ በለቀስተኛው መካከል እየተሽሞነሞነች ዞረች። ባዩዋት ቁጥር ሙሾው ሲበረታ፣ እሷን ያወደሱ መስሏት አንገቷን ቀና አደረገች።

ሲመሻሽ ለቀስተኛው ተበተነ። የሟች ሚስት ወይዘሮ ውድነሽ ልጓሙን በእጃቸው አወለቁና ስመው ቤት አስገቡት። ከዚያ አህያውን ወደ ጋጣው ነዱት። በቅሎዋ ልትከተለው ስትል አፍንጫዋን በመዳፋቸው መለሱት። ከወንዙ ማዶ ጅብ ጮኸ። በሩ ተዘጋ።