ቁጥር አሥራ ሰባት አልደረሰችም

አንድ ነጋዴ የድሮ የውድድር መኪኖችን ሰብስቦ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ሰፊ አዳራሽ። ቀይ ምንጣፍ። ፊት የሚያሳይ ቀለም። በእያንዳንዷ መኪና ፊት ሰሌዳ ቆሟል፦ «አንደኛ ወጣች»፣ «ሁለተኛ ወጣች»። በር ሥር ባለችው በቁጥር አሥራ ሰባት ፊት ግን የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «አልደረሰችም»።

ነጂዋ ጋሽ መንበሩ ዛሬም በሕይወት አሉ። ነጋዴው ከገዛት በኋላ እንኳ አልተለዩአትም፤ ሞተሯን ያስነሳሉ፣ በሯን ይወለውላሉ። በወጣትነታቸው፣ በአንድ ትልቅ ውድድር፣ ሲመሩ ቆይተው ድንገት ከመንገድ ጠፉ። በማግስቱ ጭቃ ለብሰው መጡ።

«ደራሽ ውሃ ሰው ሊወስድ ነበር» አሉ።

ከተማው ሳቀ። «የተሸነፈ ሁሉ ወንዝ ይሞላበታል!» ቀልዱ ስም ሆኖ ተጣበቀባቸው። ጋሽ ወንዝ ሞላ።

በመክፈቻው ቀን ነጋዴው አቶ ሽብሩ ጠራቸው።

«ጋሼ፣ አንደኛ የወጣች ሌላ መኪና ልትገባ ነው። የእርስዎ መኪና ቦታ ይዛብኛለች። ብረት አቅላጮቹ ዛሬ ይወስዷታል፤ ቁልፉን ያዘጋጁልኝ።»

«እሺ።»

ስትወሰድ ላለማየት ኮሪደሩን ተሻግረው ፊት ለፊት ካለው አዳራሽ ገቡ። እዚያም ዐውደ ርእይ አለ፤ የፎቶ። ምንጣፍ የለም። ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁርና ነጭ ምስል። ድርቅ። ስደት። ጎርፍ። መጨረሻው ፎቶ ጋ ቆሙ።

የደፈረሰ ውሃ። መሃሉ ላይ ጎማዎቿን የተዋጠች የውድድር መኪና። ጣሪያዋን የጨበጡ ሁለት ሴቶች። በመስኮት የወጣ ክንድ፤ ክንዱ ላይ ሕፃን። የነጂው ፊት አይታይም። የበሩ ቁጥር ግን ይነበባል።

ፎቶው አጠገብ አንድ ረጅም ጎልማሳ ለጎብኚዎች ያስረዳል። «ፎቶ አንሺዋ ከወንዙ ማዶ ነበረች። ነጂው እኛን አሻግሮ፣ ስሙን እንኳ ሳይናገር ሄደ። ሕፃኑ እኔ ነኝ። ስም አልወጣልኝም ነበር፤ እናቴ ሰው ደረሰልኝ ብላ ስሜን ድረስ አለችኝ።»

አቶ ሽብሩ እየተቆጣ ገባ። «ጋሽ ወንዝ ሞላ! ሰዎቹ መጥተዋል እኮ! ቁልፉስ?»

ጋሽ መንበሩ በቁልፉ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ነጋዴው ቁጥሩን አየ። አሥራ ሰባት። ውሃውን አየ። ከዚያ ሽማግሌውን።

«ሞልቶ ነበር ለካ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ድረስ ማስረዳቱን አቆመ። «አባቴ… እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ መንበሩ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ያኔ እንኳ ለክንድ ቀላል ነበርክ።»

ጎልማሳው ሳቀ፤ እንባውም መጣ። እጃቸውን ይዞ ኮሪደሩን ተሻገረ፤ ሕዝቡ ተከተለ። ከቁጥር አሥራ ሰባት ሰሌዳ ፊት ቆሞ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ከፊት ሁለት ፊደል ሰረዘ። ከኋላ አንድ። የተረፈው፦ «ደረሰች»።

«ያስነሷት» አለ።

ቁልፉ ዞረ። ሞተሯ አንዴ አሳላት፣ ደገማት፣ ከዚያ አገሳች። እልልታው ከሁለቱም አዳራሾች መጣ። አቶ ሽብሩ ከጩኸቱ በላይ ጮኸ፦ «አንደኛዋን ወደ በር ግፏት! ይህችን መሃል አቁሙ! ብረት አቅላጮቹን መልሱ!» ጋሽ መንበሩ በቀዩ ምንጣፍ ላይ ቀስ ብለው ነዱ፤ ድረስ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን እንደያዘ ጎን ለጎን ተራመደ።

ቋንቋችን ዐዋቂ ነው። ግብ ላይ ያረፈውንም «ደረሰ» ይላል፣ በጭንቅ ቀን የተገኘውንም «ደረሰ» ይላል። ለመጀመሪያው ሰሌዳ ይቆምለታል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ «አልደረሰም» ተብሎ ይኖራል፤ ያደረገው ግን በሕይወት ይራመዳል፣ አንድ ቀንም ስሙን ይዞ ይመጣል።

የት እንደደረስን የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። እኛስ ለማን ደረስን?