እጇ ምን ይሠራል?

ደሴ ውስጥ፣ በተለይ እኛ ሰፈር፣ ሰው ብዙ መርጦ መርጦ የማይሆን ነገር ሲገዛ የምትወረወርበት አንዲት አባባል አለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ሦስት ወር ሙሉ ሲያማርጥ ከርሞ ያመጣው ሶፋ በበሩ አልገባ ብሎ ደጅ አደረ። ጠዋት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቺኑ አባባል እየጣለለት አለፈ፤ የገዛ ሚስቱ ሳትቀር። ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ የጥንት አባቶች ተረት ናት ይላል። አንድ መምህርማ ከግዕዝ የወረደች ናት ብሎ ሲከራከር ሰምቼ ሳቄን መያዝ አቅቶኛል። የጥንት አይደለችም። ስትወለድ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ እኔም እጄ አለበት።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከወርቅ ሠሪው ከጋሽ ይማም ጋር ለሁለት ተካፍለን እንሠራለን። በስተቀኝ የእሱ መዶሻ፣ በስተግራ የእኔ ወረንጦ። ጋሽ ይማም አንድ አመል አለው። ለሴት ቀለበት ፈልጎ የመጣን ሰው፣ ዕቃ ከማሳየቱም ዋጋ ከመናገሩም በፊት «እጇ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ስሟን አይጠይቅም፣ መልኳን አይጠይቅም፣ የማን ልጅ እንደሆነችም ግድ የለውም። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስቀመጥ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቅ። ምን ይፈይድለታል እያልኩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቀው «አንተ ሥራህን ሥራ» ብሎ ዘጋኝ።

አንድ ሰኞ መንበሩ የሚባል የመሬት ቀያሽ መጣ። ለአንድ ክንድ ድንበር ወንድም ከወንድሙ ሲካሰስ ሲያይ የኖረ ሰው ስለሆነ ምንም ነገር ሳይለካ አያልፍም። ሱቃችን ሲገባ እንኳ ግድግዳውን በዓይኑ ለክቶ ነው የተቀመጠው።

«አልማዝ ያለው ቀለበት ፈልጌ ነበር» አለ።

«እጇ ምን ይሠራል?» አለው ጋሽ ይማም።

መንበሩ ቀና ብሎ አየው። የልጅቷን ኑሮ ሰልሎ ዋጋ ሊጨምርበት የፈለገ መሰለው።

«የመንግሥት ሠራተኛ ናት» አለ ኮራ ብሎ።

ጋሽ ይማም ራሱን ነቀነቀ። የመንግሥት ሠራተኛ ሲባል እሱም እኔም የታየን ወንበር፣ ጠረጴዛና ማህተም ነው።

የመንበሩ ጭንቀት በኋላ ነው የገባን። ልጅቷ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ ትጓደድ ናት። የፍሬሕይወትን ታላቅ እህት ያገባው የአዲስ አበባ ነጋዴ በቀለበቱ ቀን የባቄላ ፍሬ የምታህል አልማዝ አጥልቆላት፣ ቤተ ዘመዱ ይኸው እስከ ዛሬ ያወራል። መንበሩ ደግሞ ለቀለበት የያዛት ገንዘብ ከደመወዙ በሁለት ዓመት ቆጥቦ ያጠራቀማት ናት፤ ከዚያች በላይ አንዲት ሳንቲም የለውም። ባነሰ ቀለበት ብቀርብ ልጅቷም ትንቀኛለች፣ ዘመዶቿም ይስቁብኛል ብሎ ፈርቷል። ፍሬሕይወትን ይወዳታል፤ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይቀንስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ሱቃችን ትምህርት ቤት ሆነ። መንበሩ ስለ አልማዝ ያላነበበው፣ ያልጠየቀው የለም። አንዲት ደብተር ይዞ ይመጣና «አልማዝ በአራት ነገር ይመዘናል፤ በክብደቱ፣ በቀለሙ፣ በጥራቱ፣ በአቆራረጡ» ብሎ ይጀምርልናል። እኔም ሰዓቴን ትቼ እሰማለሁ። ካራት የሚሉት ሚዛን ከአራት አምስት የስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ መሆኑን ያወቅሁት ከእሱ ነው። ጋሽ ይማም ከአንድ የአዲስ አበባ አልማዝ ነጋዴ ሦስት ድንጋይ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲያስመጣለት፣ የኔን ማጉያ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ዋለበት። ደንበኛዬ ሰዓቱን ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

አንደኛዋ ትልቅ ናት፣ ግን ቢጫ ታደላለች። ሁለተኛዋ ውስጧ ጥቁር ነጥብ አለባት። ሦስተኛዋ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራች ናት፤ ግን የምስር ክክ አትሞላም። ኪሱ የሚችለው ከሦስቱ አንዷን ነው።

«የቱን ትመርጣለህ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

«የጠራችውን!» አልኩ። ስለ አልማዝ ምን አውቄ! ግን መጠየቄ ደስ ብሎኛል።

«ትንሽ ናት እኮ። ከሩቅ አትታይም።»

«ታዲያ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነዋ! ኮረብታ ላይ ያለች ጎጆ ከትልቅ ቤት በፊት ትታያለች።»

መንበሩ ዓይኑ በራ። ጋሽ ይማም ግን ፊቱን አጨማደደ። «ከፍ ስትል ያገኘችውን ሁሉ ትይዛለች። ሹራብ ትመዛለች፣ ፀጉር ትነጫለች። ድንጋይዋን የሚይዟት የወርቅ ጥፍሮች ስለት አላቸው» አለ። ትንሽ አሰበና «ለመሆኑ ልጅቷን ለምን አታመጣትም? እጇን ልየው» ብሎ ጨመረ።

«ድንገተኛ ነው፣ እንዴት አመጣታለሁ? ልኩን እህቷ በክር ለክታ ሰጥታኛለች። ደግሞስ የመንግሥት ሠራተኛ ናት አልኩዎት እኮ፤ ሹራብ አትሠራ!»

እንዲህ ተባለና ድንጋይዋ በአራት ጥፍር ተይዛ ከቀለበቱ በላይ ከፍ ብላ ተሰቀለች። ያማረች ነበረች። ጋሽ ይማም ሲጨርስ እሱ ራሱ ፈገግ አለ።

የቀለበቱ ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእትዬ ትጓደድ ግቢ ሆነ። መንበሩ ደስታው አላስችል ብሎት እኔንም ጋሽ ይማምንም ጠራን፤ ለጋሽ ይማምና ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ የታረደ በግ ተሰናድቶ ነበር። ፍሬሕይወት ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ዓይኗ ፈጣን የሆነች ልጅ ናት። መንበሩ ቀለበቱን ሲያጠልቅላት ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ዳር ብቀመጥም የድንጋይዋ ብልጭታ እኔ ድረስ መጣ። በጎኔ የተቀመጠውን ሰው «ምክሩ የኔ ነው» ብዬው ነበር፤ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

እትዬ ትጓደድ የልጅቷን እጅ ይዛ አገላብጣ አየችና «ውይ ከፍታዋ! ይቺማ ራሷን ችላ ወንበር ያስፈልጋታል» ብላ ሰውን አሳቀች።

ገና ሳቁ ሳያባራ ከግቢው ጀርባ፣ ከኪራይ ቤቶቹ በኩል «ፍሬ! ፍሬ ድረሽልኝ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እዚያ የምትኖር ነፍሰ ጡር ተከራይ ምጥ መጥቶባታል። አምቡላንስ ተጠራ፤ ሁለተኛ ልጇ ስለሆነ ግን ምጡ ፋታ የሚሰጥ አልነበረም። ፍሬሕይወት የሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳችና ከቤት አንዲት ቦርሳ ይዛ ወጣች።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ጋሽ ይማም ጉርሻውን እንደያዘ።

«አዋላጅ ነርስ አይደለች እንዴ!» አለችው አጠገባችን የነበረች ሴት። «ጤና ጣቢያው እኮ በእሷ ነው የቆመው።»

ጋሽ ይማም ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «ያ አላህ!» አለ። እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር።

ፍሬሕይወት በረንዳው ላይ ቆማ እጇን ታጥባ ጓንት ሳበች። ድንጋይዋ ጋ ሲደርስ ጓንቱ ጭርር ብሎ ተቀደደ። ቀለበቱን ለማውለቅ እጇን ስትሰድ ሴቶቹ ባንድ አፍ ጮሁባት። «እንዳታወልቂው! በዕለቱ የወለቀ ቀለበት ገድ የለውም!» እኛ ዘንድ እውነትም እንዲህ ይታመናል። ልጅቷ አመነታች። ድንጋይዋን ወደ መዳፏ አዞረችና ሌላ ጥንድ ጓንት ሳበች። ጨበጥ ስታደርገው መዳፉ ላይ ተቀደደ። ቦርሳዋ ውስጥ የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ከውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ትጮኻለች።

ያኔ ፍሬሕይወት መንበሩን ቀና ብላ አየችው። አንድ ቃል ብቻ እየጠበቀች ነበር፤ «አውልቂው» ቢላት ይበቃት ነበር። እሱ ግን ዓይኑ ቀለበቱ ላይ ነው፤ አፉ አልተከፈተም። ልጅቷ ጣቷን በሳሙና አራሰች፣ ቀለበቱን ጎትታ አወጣችና የአክስቷ ጉያ ውስጥ ጥላው ገባች። መገጣጠሚያዋ ተልጦ ደም ነክቶት አይቻለሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ እልልታው ከቀለበቱ እልልታ በለጠ። ፍሬሕይወት ግንባሯን ላብ አጥምቆት ብቅ ስትል መንበሩ ሮጦ ሄደ። እንኳን ማርያም ማረቻት ሊላት ነው ብዬ ነበር።

«ቀለበቱስ?» አላት።

ፍሬሕይወት ትንሽ ቆማ አየችው።

«ሴት ናት» አለችው። «እናትየውም ደህና ናት። የጠየቅኸኝ ይህንን ከሆነ።»

አልፋው ሄደች። ከዚያ በኋላ ከሙሽራው ጎን ተመልሳ አልተቀመጠችም። በጣም አዘንኩለት፤ ለእሷ ደግሞ የባሰ።

ማታውኑ «ሰርጉ ይቅር» ብላ ላከችበት። መንበሩ ሰኞም ማክሰኞም ጠፋ፤ ረቡዕ ጠዋት መጥቶ ሱቃችን ውስጥ ቁጭ አለ። ጋሽ ይማምም ቢሆን ሥራ አልያዝልህ ብሎታል። «ጥፋቱ የኔም ነው። ጠየቅሁ እንጂ መልሱን አልመረመርኩም» ይላል ደጋግሞ። እኔ ስለ ኮረብታውና ስለ ጎጆዋ ምንም አላነሳሁም።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ እትዬ ትጓደድ መጣች። ፍሬሕይወት ከኋላዋ አለች፤ ግን የበሩን ደፍ አልተሻገረችም። እትዬ ትጓደድ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ቀለበቱን አወጣችና ጋሽ ይማም ፊት አስቀመጠች።

«ይማም፣ ዕቃህን ተረከበኝ። ለልጁም ገንዘቡን መልስለት፤ ለፍቶበታል።»

ጋሽ ይማም ቀለበቱን አልነካም። ወደ መንበሩ ዞረ።

«አንተ ልጅ፣ አሁንም እጠይቅሃለሁ። እጇ ምን ይሠራል?»

መንበሩ መሬት መሬት እያየ ጀመረ።

«በቀን ሠላሳ ጊዜ ይታጠባል። ከሳሙናው ብዛት ክረምት ላይ ይሰነጣጠቃል። ከሻርፗ ሥር ስትደብቀው እኔ ብርድ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ፣ ያዋለደቻቸውን እናቶች ጠየቅኋቸው። አንዷ መብራት በጠፋበት ነው የወለድኩት፣ የልጄን ጭንቅላት በመዳሰስ ብቻ አገኘችው አለችኝ። አንዷ ደግሞ ስጨነቅ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬን ስታሽ አደረች አለችኝ።» ቀለበቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ሦስት ዓመት ያንን እጅ ይዤ ስሄድ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። መሬት ልለካ ስሄድ እንኳ መጀመሪያ ማን እንደሚያርሰው እጠይቃለሁ።»

ዞር ስል ፍሬሕይወት ደፉን ተሻግራለች። ከቦርሳዋ አንድ ጓንት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ጋሽ ይማም፣ ድንጋይዋን ወርቁ ውስጥ ቀብረው ከላዩ ልሙጥ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል የኔ ልጅ። ግን ከሩቅ አትታይም።»

«እኔ ቅርብ ነኝ፣ አያታለሁ» አለችው።

ጋሽ ይማም ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። ጥፍሮቹን ቆረጠ፣ ወርቁን ቦረቦረ፣ ድንጋይዋን አስተኝቶ ዙሪያዋን በወርቅ ከደነ፣ ሞረደ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ እንደገና ሞረደ። ሲጨርስ ፍሬሕይወት አጠለቀችው፤ ጓንቱን ከላይ ሳበች፤ ጨበጠች፣ ዘረጋች፣ ጨበጠች። ጓንቱ አልተነካም። ለካስ ጋሽ ይማም ሠላሳ ዓመት የሚጠይቀው ይህንን ነው!

ከዚያ ጓንቱንም ቀለበቱንም አወለቀችና ቀለበቱን ለመንበሩ አቀበለችው። «አንተ አጥልቅልኝ» አለችው። እሱም ቶሎ አላጠለቀም። እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተላጠችዋን መገጣጠሚያ፣ የተሰነጣጠቀውን መዳፍ አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። እኔ መቼስ አፌ አያርፍ፣ ማጉያዬን ሰክቼ ጎንበስ አልኩና «እንዴ፣ አልማዟ የት ገባች?» አልኩ።

እትዬ ትጓደድ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀችና የመንበሩን ትከሻ መታ አደረገች፦ «እሰይ፣ ዛሬ ገና አየሃት! ጉድ እኮ ነው የኛ ቀያሽ፤ ድንጋዩን አጥንቶ፣ እጇን ረስቶ!»