ተረከዝ መሬቱን ሲጫን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ አንድ በር እንዴት እንደተከፈተ ልንገራችሁ።

ዘርፌ የምትባል አሮጊት ብቻዋን ትኖር ነበር። ወድቃ ከታመመች ወዲህ ጠያቂ ሁሉ «በሞቴ እማማ፣ እንዳይነሱ!» ይላታል፤ በሩ ሥር ካለው መደብ ላይ አስቀምጦ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅሎላት ይሄዳል። ለአክብሮት ነው፣ ምን ይደረግ! እሷም ሳትነሳ ሳትነሳ ሰውነቷ ተኛ። ውሎ አድሮ ከአንዲት ጎረቤቷ በቀር ጠያቂውም ቀረ።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ምሳ አኑራላት ስትወጣ ነፋስ በሩን ገጭ አደረገው፤ መቀርቀሪያው ወርዶ ከውስጥ ቆለፈው።

ወዲያው «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። የልጅነት ጓደኛዋ አስካለ ናት፣ ከስንት ዘመን በኋላ። ዘርፌ «አለሁ!» ብትል አስካለ ጆሮዋ ደክሟል። ካልተከፈተላት መሄዷ ነው።

«እጄ፣ መቀርቀሪያውን ክፈትልኝ» አለች ዘርፌ።

«ወገብ ካልቀና አልደርስም» አለ እጅ።

«ወገቤ፣ ቀና በል። እጅ አልከፍትም አለ።»

«ሆድ ጠበቅ ብሎ ካልያዘኝ አልቀናም።»

«ሆዴ፣ ጠበቅ በል። ወገብ አልቀናም አለ፣ እጅ አልከፍትም አለ።»

«ጭን ሳይነሳ ለማን ብዬ ልጥበቅ?»

«አንተ ሰነፍ ጭን፣ ተነስ! ሆድ አልጠብቅም አለ፣ ወገብ አልቀናም አለ፣ እጅ አልከፍትም አለ።»

«ተረከዝ መሬት ሳይጫን በምን ልነሳ?»

«ቤቶች...» አለች አስካለ። ድምጿ ቀነሰ።

«ተረከዜ፣ መሬቱን ጫን! ጭን አልነሳም አለ፣ ሆድ አልጠብቅም አለ፣ ወገብ አልቀናም አለ፣ እጅ አልከፍትም አለ። ሰው ከደጄ ሊመለስብኝ ነው!»

«ኧረ! እኔን በርጩማ ላይ ሰቅላችሁ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለ ተረከዝ።

እውነቱን ነው። ዘርፌ እግሯን አወረደች። ተረከዝ ጫን፣ ጭን ብድግ፣ ከዚያ መደቡ ላይ ዘፍ! ደግማ ጫነች፤ ደግሞ ዘፍ! አትሳቁባት፤ የተኛ ጡንቻ እንዲህ ሲደጋገም ነው የሚነቃው፣ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ። ከደጅ የአስካለ ምርኩዝ ኳ ኳ እያለ ሲርቅ ተሰማት።

ጫነች!

ተረከዝ መሬቱን ጫነ፣ ጭን ተነሳ፣ ሆድ ጠበቀ፣ ወገብ ቀና፣ እጅ ተዘረጋ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ!

«አስካለ!»

በሩ ክፍት ነውና ሰማች፤ ዞረች።

«አንቺ ዘርፌ! ሞተሽ መስሎኝ እኮ ልጮህ ነበር!»

«ግቢ ባክሽ፣ ለለቅሶውስ ትደርሻለሽ።»

ተረቴም ተከትሏቸው ገባ፤ በሩን አልዘጉትም።