ዝም አልል ያለው የጨረራ መለኪያ

ተረት ተረት! የኬላ በረት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ልናዘዝ ነው፤ በተረት ካልሆነ አፍራለሁ።

እማማ ዘነቡ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነበር። ከተማው ሆስፒታል ልጃቸውን ምጥ ይዟታል፤ አጠገቧ መድረስ ፈለጉ። የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ኬላው ጋ ሲደርሱ አውቶቡሱ አልሄድም አለ።

መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ነበር፤ ጨረራ የሚበትን፣ «ቆሻሻ ቦምብ» የሚሉት ፈንጂ እንዳይገባ ተሰግቷል። ገመዱ አልወርድም አለ፤ አውቶቡሱ አልሄድም አለ።

«ሳጅን፣ በወለደችህ እናት! አውርደው!»

«መሣሪያው እየጮኸ፣ እማማ?»

ሳጅን ግዛቸው አላወርድም አለ፤ ገመዱ አልወርድም አለ፤ አውቶቡሱ አልሄድም አለ።

የጨረራ መለኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ፊዚክስ የተማርኩት። ዱቄቱ ላይ ሳስጠጋው ጮኸ። ቅቤው ላይ ጮኸ። የሾፌሩ የሸምሱ ጫማ ላይ ጮኸ።

«ባለሙያዋ፣ ቅቤ ይፈነዳል እንዴ?» አለኝ ሸምሱ።

ሳጅኑ ላይም ጮኸ። ደንግጦ ኪሱን ገለበጠ፤ ማበጠሪያ ብቻ ወጣ። ሁላችንም ግራ ገባን። መሣሪያው ዝም አልልም አለ፤ ሳጅኑ አላወርድም አለ፤ ገመዱ አልወርድም አለ፤ አውቶቡሱ አልሄድም አለ።

በመጨረሻ ባዶውን አስፋልት ለካሁ። ባዶው አስፋልትም ጮኸ። ያኔ ገባኝ።

ከአራት ቀን በፊት ለእንቅርቴ ጨረራ ያለው መድኃኒት ውጬ ነበር። ሐኪሙ «ለጊዜው ከሰው ራቂ፣ ሥራም አትግቢ» ብሎኛል። ፈቃድ ለመጠየቅ ግን እንቅርቴን መናገር ነበረብኝ። ቤታችን የጋብቻ ሽማግሌ ሊላክ ሳምንት ቀርቶታል፤ አንገቴን በሻሽ ሸፍኜ ሥራ ገባሁ። አሁንም አፌ አልናገርም አለ፤ መሣሪያው ዝም አልልም አለ፤ ሳጅኑ አላወርድም አለ፤ ገመዱ አልወርድም አለ፤ አውቶቡሱ አልሄድም አለ።

እማማ ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «የመጀመሪያ ልጇ ነው» አሉ፤ «‹እማዬ ሳትመጪ አልወልድም› ብላኛለች።»

አላስቻለኝም። ከአውቶቡሱ ኋላ ጠርቼ፣ አራት እርምጃ ርቄ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ፤ አንገታቸው ላይ ሎሚ የሚያህል እንቅርት አለ።

«ይኼን ይዤ አግብቼ ስድስት ወልጃለሁ። አንቺን ምን አሳፈረሽ?» አሉና ወደ ሳጅኑ ጮኹ፦ «ልጅቷን አሟታል፣ ከዛፉ ሥር ትረፍ! ዕቃውን አንተ ያዘው!»

አፌ ተናገረ፤ እኔ ራቅኩ፤ መሣሪያው ዝም አለ። ሳጅኑ አውቶቡሱን ዙሪያውን ለካ፤ ጭጭ። ሳጅኑ ገመዱን አወረደ፤ ገመዱ ወረደ፤ አውቶቡሱ ሄደ፤ እማማ ዘነቡ ደረሱ፤ ልጃቸውም ወለደች።

ሳጅን ግዛቸው እስከ ዛሬ እጁን እያሳየ «መሣሪያም ሰው ያውቃል!» እያለ ይኮራል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ።

ሳጅን፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እጅህ አልነበረም፤ አንገቴ ነው።